ላስቲኩ ያልተላጠው መነጽር

የልጅ ልጄ ሰላማዊት ባለፈው ሳምንት አንድ መነጽር ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ትማራለች። ቤተ ሙከራ ሊጀምሩ ስለሆነ እያንዳንዱ ተማሪ የዓይን መከላከያ ይግዛ ተብለው ነው። ግራና ቀኙ ድፍን፣ ከኋላ በገመድ የሚጠብቅ መነጽር ነው። አድርጋው መስታወት ፊት ቆመችና ዞር ዞር እያለች ራሷን አየች። ጠጋ ብዬ ሳየው መነጽሩ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ ገና አልተነሳም።

"ምነው ይሄን ሳትልጪው?" አልኳት።

"ይጫራል እማማ። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አዲስ እንደሆነ ይቆይልኝ ብዬ ነው።"

ከፊቷ ላይ መንጭቄ ወሰድኩት። በጥፍሬ ጠርዙን ይዤ ጭርር አድርጌ ላጥኩላትና መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ቀጥላም አኮረፈች።

እኛ ቤት የላስቲክ ጠላት እየተባልኩ ነው የምኖረው። ልጄ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን እንደለበሰ ሳሎን ሲያስቀምጥ፣ በድሬ ሙቀት ሰው ጭኑ እየተጣበቀ ሲነሳ ሲቀመጥ ሳይ አላስቻለኝም፤ እሱ ሥራ ሄዶ ሳለ በመቀስ ገፍፌ ጣልኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም። የቴሌቪዥኑን ሪሞት፣ የፍሪጁን በር፣ የልጆቹን ደብተር ሳይቀር ገፍፌያለሁ። "እማማ አዲስ ነገር አይበረክትባትም" ይሉኛል። ይበሉ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ልጅቷ ከልቧ ስላዘነች፣ ደግሞም አሲድ ልትነካ ስለሆነ፣ ቁጭ በይ አልኳት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጋራዡ ድሮ የአንድ ግሪካዊ ነበር፤ ለውጡ ሲመጣ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። የግሪኩ ስም ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም ተሸፍኖ መፈክር ተጽፎበታል። ቀለሙ ግን ፀሐይ በላውና በሦስተኛው ዓመት የድሮው ስም ከሥር ብቅ ማለት ጀመረ። ማንም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል።

ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ሞቶ እኔና እናቴ ብቻ ቀርተናል። ጠዋት በዛፎቹ ጥላ ወርጄ፣ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አሸዋውን ተሻግሬ እሄዳለሁ። አንድ ሰዓት ላይ አሸዋው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ሙቀቱ በጫማዬ ሶል አልፎ ይሰማኛል። ከመጋላ ሰፈር ሴቶች የግመል ወተት ይዘው፣ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ በጨርቅ ሸፍነው ሲያልፉ ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይከተለኛል። ጋራዡ በር ላይ ባጊያ የምትጠብስ ሴት ነበረች። አራት ባጊያ በጋዜጣ አስጠቅልዬ እገባለሁ፤ ቁርሴ እሱ ነው።

የግምጃ ቤቱን ቁልፍ በጥቁር ክር አስሬ አንገቴ ላይ ነበር የማንጠለጥለው። ለምን ቢባል፣ ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ አራት ጎማ ጎደለበት ተብሎ አንድ ቀን በጂፕ ተወስዷል። ወንበሩን የተረከብኩት ኮቱ ገና መደገፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። ኮቱን የሚወስድ ሰው ሳይመጣ ዓመት አለፈ። እኔም በየቀኑ ያን ኮት እያየሁ አንድ ቡሎን እንኳ ስሰጥ ሁለቴ እቆጥር ነበር። ዕቃ ካልወጣ አይጎድልም፤ ካልጎደለ ደግሞ የሚጠይቅሽ የለም። ይሄ ነበር የሥራ ፍልስፍናዬ።

ከግቢው ጥግ፣ ሦስት ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የባትሪ ክፍል ነበር። የዚያ ክፍል ሰው አብዲ ነው፤ "አብዲ ባትሪ" እንለዋለን። የመጋላ ሶማሌ፣ ዕድሜው አርባ አካባቢ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የአምስት ልጆች አባት። ድሬ ላይ አንቱታ አይበዛም፤ እኔም ጋሽ አብዲ እያልኩ አንተ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ እኔን አባዮ ይለኛል፣ እህቴ ማለቱ ነው። ሥራው የሞተ ባትሪ ፈትቶ መጠገን፣ አሲድ በርዞ መሙላት ነው። አሲዱ የሚመጣው በዳምጃን ነው፤ ዙሪያውን በሽቦና በገለባ የታቀፈ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ትልቅ ጠርሙስ። ያ ያልተበረዘ አሲድ ጨርቅ ቢነካ ጨርቁ ከሰል ይሆናል። የአብዲ ሸሚዝ ሁሉ ወንፊት ነበር። ሚስቱ ሆዳን "የዚህን ሰውዬ ልብስ ሳጥብ ጣቴ ሸሚዙን በስቶ ይወጣል" ብላ እየሳቀች ስታማርር ሰምቻለሁ።

ጓንት አልነበረውም። ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጠኛው ማለት ነው፣ ቆርጦ ጫማ ሰፊ ዘንድ አሰፍቶ ጓንት የሚመስል ነገር ያደርጋል። ለዓይኑ ግን ምንም። ጥንቃቄው አንድ በርሜል ውሃ ነበር። ጠዋት ሲገባ ማንንም ሰላም ሳይል በፊት በርሜሉን እስከ አፉ ይሞላል፤ ያን ሳያደርግ ዳምጃን አይነካም። እኔ አንድ ጊዜ ስቄበት፣ "ከሰው በፊት በርሜል ሰላም ትላለህ" ብለው፣ "ሰው ይቀየማል፣ ይታረቃል። አሲድ መታረቅ አያውቅም" አለኝ።

አንድ ቀን ከውጭ አገር የእንጨት ሣጥን መጣ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ነው ተባለ። ስከፍተው እንደ አዲስ ጎማ የሚሸት የሥራ ልብስ ነው፤ እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም ጓንት፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የጎማ ሽርጥ፣ ቦት ጫማና አንድ መነጽር። የመነጽሩ መስታወት እንዳይጫር ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ሙሉ ልብስ፣ ለአንድ ሰው። ለማን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በግቢው ውስጥ አሲድ የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ መኮንን ይባላል። ያኔ ፊት ለፊት እርስዎ እለው ነበር፤ ዛሬ ሳወራው ግን አንቱታው አይመጣልኝም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ እንደኔ። ዕቃውን አገላብጦ አየና፣ "ይሄ ለባትሪ ክፍል ቢሰጥ በወሩ ይበላሻል። የበላይ አካል ሊጎበኘን ነው። በቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዲታይ አድርጊው" አለኝ።

እኔንም ነገሩ ፈጽሞ አልገረመኝም፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ነው ያለኝ። እናቴ ቤት ውስጥ ስድስት ብርጭቆ በቡፌ ተቆልፎ ይኖራል፤ እኛ በቆርቆሮ ጣሳ ነው የምንጠጣው። አባቴ እንኳ አንድ ቀን በዚያ ብርጭቆ ሳይጠጣ ሞተ። መልካም ዕቃ ለእንግዳ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ጓንቱን እንዳይጣበቅ የታልክ ዱቄት ነስንሼ፣ ሽርጡን አጣጥፌ፣ መነጽሩን ፊት ለፊት አድርጌ ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርኩት። አብዲ በመስኮት ቆሞ አየው።

"የኔ ነው አይደል?" አለ።

"የአንተ ነው። ግን እንዳይበላሽ ነው።"

"እሱ እንዳይበላሽ እኔ ልበላሽ?" ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ጎብኚዎቹ ሲመጡ አብዲን አለበስነው። ቦቱን አጠለቀ፣ ሽርጡን አሰርኩለት፣ ጓንቱን ሳብኩለት። ሾፌሮቹ "ጨረቃ ላይ ስትደርስ ጻፍልን" እያሉ ቀለዱበት። መነጽሩን ሳደርግለት ላስቲኩን ሊልጠው እጁን ሲሰድ ጓድ መኮንን "ተው፣ ተው፣ እንዳለ ይሁን" አለው። ላስቲኩ ደብዛዛ ስለሆነ በእሱ ውስጥ የሚታየው የሰው ጥላ ብቻ ነው። አሲድ እንዲያፈስ አላደረግነውም፤ ባዶ ዳምጃን ውሃ ሞልተን ሰጠነው። እየዳበሰ ሲቀዳ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሳ። መኪናቸው ገና ከበሩ ሳይወጣ ዕቃውን መቀበል ጀመርኩ፤ ጓንት ሁለት፣ ቦት ሁለት፣ ሽርጥ አንድ፣ መነጽር አንድ።

አብዲ መነጽሩን ሲመልስልኝ እንዲህ አለኝ፤ "አባዮ፣ ይሄ መነጽር እኔን ለሚያዩኝ ሰዎች ነው እንጂ ለእኔ ማያ አይደለም።"

ያን ዓመት ድርቁ ጠንቶ ነበር። መኪና ሁሉ ከባቡር ጣቢያው እህል ጭኖ ወደ ደጋውና ወደ ቆላው ይራወጣል፤ ያረጀ ባትሪ ያለው መኪና እየተገፋ ግቢያችን ይገባል። ሾፌሮች ከቆሻሻ ጨርቅ ላይ ተኝተው ወረፋ ይጠብቃሉ። በዚያ ሰሞን አምስት ዳምጃን አሲድ በክፍት መኪና መጣ። ግምጃ ቤቱ በጎማ ተሞልቶ ስለነበር ግቢው መሃል ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። የድሬን የግንቦት ፀሐይ ለማያውቅ ሰው መንገር አይቻልም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አብዲ በመስኮቴ መጣ።

"ዛሬ መነጽሩን ስጪኝ" አለኝ። እንደ ወትሮው አልሳቀም። "ሌላውን አልፈልግም፣ መነጽሩን ብቻ። ዳምጃኖቹ ፀሐይ ጠጥተዋል፤ ክዳናቸው ወደ ላይ ተነፍቷል። ስከፍተው ይተፋል።"

"ጓድ መኮንን ይፍቀዱና" አልኩ።

"የት አለ?"

"ስብሰባ ሄደዋል። ከሰዓት ይመለሳሉ። እስከዚያ ለምን አትጠብቅም?"

ወደ ሾፌሮቹ ዞር ብሎ አየ። "እነዚህ ከትናንት ጀምሮ ቆመዋል። የእህሉ ባለቤት ደግሞ የት እንደቆመ አላህ ያውቃል።" ከዚያ ዓይኑ አንገቴ ላይ ባለው ቁልፍ ላይ አረፈ። እኔም አየሁት። እጄ ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር፤ ይሄን እምላለሁ። ግን ከጀርባዬ ያ ኮት ተንጠልጥሏል። መነጽሩ ይወሰዳል፣ አሲድ ይነካዋል፣ የላስቲኩ ነገር ይጠየቃል፣ ማን ፈቀደልሽ እባላለሁ። እጄን መለስኩት።

"ያለ ፈቃድ አልችልም ጋሽ አብዲ።"

"እሺ አባዮ" ብሎ ሄደ። አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ኖሮ ምናልባት እሰጠው ነበር እያልኩ ስንት ዓመት አሰብኩ። ሰው ጥፋቱን የሚያካፍለው አያጣም።

ባጊያዬን ፈትቼ ሁለተኛውን ስገምጥ ነው "ቦፍ" የሚል ድምፅ የሰማሁት። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ቀጥሎ አብዲ "ቢዮ! ቢዮ!" ሲል ተሰማ። ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ነው፤ ድሬ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ወጥቼ ሳይ ራሱን እስከ ትከሻው በርሜሉ ውስጥ ነክሮ፣ ሁለት ሾፌሮች በባልዲ ከላይ ያፈሱበታል። የዳምጃኑ ክዳን ግቢው መሃል ወድቆ መሬቱን እያጨሰ ነው።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ማስረዳት አልችልም። ወደ እሱ አልሮጥኩም። ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለስኩ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ መነጽሩን ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ። "ይኸው! ይኸው!" እላለሁ። ባልዲ የያዘው ሽማግሌ ሾፌር ቀና ብሎ አየኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዞር በይ ልጄ" አለኝ። መነጽሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰው ሁሉ በእጄ ሲያየው ነበር። አብዲን መኪና ላይ ጭነው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት።

ከሰዓት ጓድ መኮንን ተመልሶ ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"መነጽሩ እዚያ ቦታ ላይ እንደነበር ሰው ሁሉ አይቷል አይደል?" አለኝ።

"እኔ ነኝ ኋላ ያመጣሁት።"

"ማን ቀድሞ ማን ኋላ እንደመጣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ማን ያስታውሳል? ስሚኝ ወይንሸት። የወጪ ደረሰኝ በትናንት ቀን ጻፊ። ተሰጥቶት ነበር፣ እሱ ግን አላደረገውም። ላስቲኩን ላጪና ትንሽ ጫር ጫር አድርጊው፣ የተሠራበት ይምሰል። እኔም አንቺም እንተርፋለን።"

"ጋሽ አብዲስ?"

ወረቀቶቹን አስተካከለ። "በራሱ ጥፋት ይባላል" አለ። ከጦርነቱ ወዲህ የሶማሌ ስም ያለው ሰው ላይ ዓይን እንደሚበዛ እሱም እኔም እናውቃለን። በራሱ ጥፋት ተባለ ማለት ከሥራ ይባረራል፤ ምናልባትም የእህል መኪና ሊያስተጓጉል ነው ተብሎ አሻጥር ይለጠፍበታል። አምስት ልጆች፣ አንድ ደህና ዓይን እንኳ መኖሩ ያልታወቀ አባት። በሦስተኛው ቀን ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ እንደሚቀመጥ ነገረኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። "ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ" አለችኝ። "ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ጊዜው የሚያወራ ሰው ጊዜ አይደለም።" አልፈርድባትም። ከጀርባዋ ቡፌው ውስጥ ስድስቱ ብርጭቆዎች እንደተደረደሩ ናቸው፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠሉኝ።

በማግስቱ ጊሽጣ ገዝቼ ሆስፒታል ሄድኩ። አብዲ ሁለቱም ዓይኖቹ ታስረው ተኝቷል። ሆዳን አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተነስታ ከፔርሙስ ሻሂ በወተት ቀድታ ሰጠችኝ። ሳልቀምሰው በሁለት እጄ ያዝኩት። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

"ማነው?" አለ አብዲ።

"ወይንሸት ነኝ።"

"አባዮ። የቀሩትን ዳምጃኖች ጥላ አስገቧቸው?"

"ገብተዋል።"

"እሰይ። እስኪቀዘቅዙ ማንም እንዳይከፍታቸው።" ቀጥሎም፣ "ግራው ብርሃን ያያል ይላል ሐኪሙ። በርሜሉ አዳነው። ቀኙ ግን ሄዷል" አለኝ። ስለ ጠፋ ዕቃ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው።

ሻሂውን አስቀመጥኩ። "ጋሽ አብዲ፣ ቁልፉ እኮ አንገቴ ላይ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ።"

ሆዳን በሶማልኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ግን ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። "ይጠይቁሻል። ያየሽውን ንገሪያቸው። ከአንቺ ሌላ ነገር አልፈልግም።"

ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስወጣ ጊሽጣውን ሳልሰጣቸው ይዤው መውጣቴን መንገድ ላይ አወቅሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። ጓድ መኮንን ጥግ ላይ ተቀምጦ በመሐረብ አንገቱን ይጠርጋል። ደረሰኙን አምጪ ተባልኩ። ደረሰኝ የለም፣ አልጻፍኩም አልኩ። ከቦርሳዬ መነጽሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ላስቲኩ እንደተለጠፈ ነው። ከዚያ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

"በዚህ አድርጎ ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ አንዳችሁ አድርጋችሁ ሞክሩት" አልኩ። "በእንግዳው ቀንም እንዲህ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ለምኖኝ ከልክዬዋለሁ። ያለ ፈቃድ አታውጪ ተብያለሁ፤ የከለከልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ቁልፉም የኔ ነው።" ጠረጴዛውን ይዤ ነው የተናገርኩት።

ሰብሳቢው፣ ጸጉሩ የሸበተ መካኒክ ነበር፣ መነጽሩን አንስቶ ዓይኑ ላይ አደረገው። ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ ጓድ መኮንን ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አውልቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። "ምንም አይታይም" አለ።

አብዲ ከሥራ አልተባረረም፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ተጻፈለት። ጓድ መኮንን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እኔ ታሰርኩ እያልኩ ስጠብቅ፣ ከግምጃ ቤት ተነስቼ መማሪያ እንዲሆነኝ ባትሪ ክፍል እንድመደብ ተወሰነ። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሳስረክብ አንገቴ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። እናቴ ሳምንት አለቀሰች፤ ለሴት ልጅ አሲድ ቤት ማለት ከእስር አይሻልም አለች።

አብዲ ክረምቱ መጥቶ፣ ደቻቱ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ ተመለሰ። ቀኝ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ጉንጩ ላይ ቆዳው እንደ ሰም ቀልጦ ረግቷል። እንደ ድሮው ማንንም ሰላም ሳይል በርሜሉን ሊሞላ ሄደ፤ ሞልቶ አገኘው። እኔ ነኝ የሞላሁት። በደህናው ዓይኑ አየኝ።

"አንቺ ነሽ እንግዲህ?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ዕቃው በትእዛዝ ለባትሪ ክፍል ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ እስኪመለስ እኔ ባዶ ባትሪ ከማጠብ በቀር አሲድ ስላልነካሁ መነጽሩ ገና ከነላስቲኩ ነው። ግን አንድ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ ሁለት። መነጽሩን አውርዶ አገላበጠው። የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሩ ፈልጎ ያዘና ጭርር አድርጎ ላጠው፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ለብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ።

"አንተ አድርገው" አልኩት። "አንድ ዓይን ነው ያለህ።"

"አንድ ዓይን ያለው ሰው ይፈራል፤ የሚፈራ ሰው ይጠነቀቃል። አንቺ ገና አልፈራሽም። የሚያፈስ ሰው ያድርገው። ዛሬ አንቺ ታፈሻለሽ፤ እኔ በርቀት ቆሜ እነግርሻለሁ። አሲዱን ወደ ውሃው፣ በቀጭኑ። ውሃውን ወደ አሲዱ በጭራሽ።" ከዚያ ገመዱን ከኋላዬ አጠበቀልኝ። ጥርት ብሎ ታየኝ፤ የቆርቆሮው ዝገት፣ በርሜሉ ላይ የምትዞረው ተርብ፣ የአብዲ ፊት።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን፤ በተራ እያደረግን። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ስቀዳ አንዲት ጠብታ ተፈናጥራ መነጽሬን መታችው። አልተሰማኝም እንኳ። ሳወልቀው ግን በስተቀኝ በኩል፣ ልክ ከዓይኔ ብሌን ፊት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጥታለች። አብዲ ወስዶ በአውራ ጣቱ ዳበሳት። ያን ቀን ሥራ አቁመን ቁጭ ብለን ሻሂ ጠጣን።

ታሪኩን እዚህ ላይ አቆምኩ። ሰላማዊት ኩርፊያዋን ረስታለች። መነጽሩን በጣቶቿ መሃል ታዞረዋለች።

"ሰውዬው አሁን አለ?" አለችኝ።

"ሞተ። ስድስት ዓመት ሆነው። መጋላ ለቅሶ ሄጄ ከሆዳን ጋር ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።"

"ይቅር ብሎሻል?"

ልክ ይሄን ነው እኔም ራሴን ስጠይቅ የኖርኩት። ጠዋት ስነሳ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ በቀኙ ብቻ ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ የማየት ልማድ አለኝ። ቤተሰቡ የጸሎት ዓይነት ይመስለዋል። ስልሳ ዓመት አልፎኝ ተራራው ላይ ያለውን ቁጥቋጦ ለይቼ አየዋለሁ። በሰው ዓይን ምትክ የተረፈ ዓይን ነው፤ ይሄንን ረስቼ ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

"ይቅር ብዬሻለሁ ሲል በአፉ አልሰማሁም" አልኳት። "ጠይቄውም አላውቅም። መነጽሩን ግን ልጦ መጀመሪያ ለእኔ ነው የሰጠኝ።"

ልጅቷ መነጽሩን አድርጋ ገመዱን ከኋላ እንዳጠብቅላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። አጠበቅሁላት።

"ይጫራል ግን" አለች።

"ይጫር" አልኳት። "የተሠራው እንዲጫር ነው።"